መስተዋት ሠሪው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር

ከሮቤ ወደ ጎባ ስትሄዱም ሆነ ወደ ገጠሩ ስትዘልቁ በቆርቆሮ ጣራ ላይ የተሰቀለ የፀሐይ ሰሌዳ ሳታዩ አትቀሩም። ቀለሙ ለምን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆነ? የነገሩን ጫፍ የያዘው ሰው ሰሌዳው ከመሠራቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ሞቷል። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዮሴፍ ፍራውንሆፈር ማርች 6 ቀን 1787 በጀርመን አገር፣ በባቫርያ፣ ሽትራውቢንግ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ መስተዋት ሠራተኛ ሲሆን እሱ ለቤቱ 11ኛ ልጅ ነበር። በ11 ዓመቱ እናትም አባትም የሌለው ሆነና ሙኒክ ላለ አንድ መስተዋት ሠሪ በረዳትነት ተሰጠ። ጌታው ሥራ ያሠራዋል እንጂ እንዲያነብ፣ በበዓል ቀን እንኳ ትምህርት ቤት እንዲሄድ አይፈቅድለትም። እኛ እጩ መምህራን ይህችን ልብ እንበል፤ ከብት ሲጠብቅ ከትምህርት የቀረ ስንት ልጅ አለ!

ጁላይ 21 ቀን 1801 ቤቱ ተደረመሰ። ልጁ ፍርስራሽ ሥር ለሰዓታት ተቀብሮ ቆይቶ ሲቆፈር በሕይወት ተገኘ። የአገሩ ገዥ ማክሲሚልያን እቦታው ነበሩና 18 ዱካት ወርቅ ሰጡት። ሌላ ልጅ ቢሆን ምን ይገዛበት ነበር? እሱ መስተዋት መቁረጫ መኪና ገዛ፤ በተረፈውም ከጌታው ራሱን አስለቀቀ። ኡትስሽናይደር የተባለ ባለሀብትም መጻሕፍት ሰጠው፤ በ1806 ድርጅቱ ውስጥ አስገባው። በ1814 በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለም ውስጥ ከ500 በላይ ጥቁር መስመሮች ቆጠረ። በዓለም የታወቀው በዚህ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የ1817ቱ ነው። የተወለወለ መስተዋት ላይ ኃይለኛ አሲድ አፍስሶ አንድ ቀን ሙሉ ተወው። ሲያየው መስተዋቱ እንደ ድሮው አያብረቀርቅም! አሲዱ ከመስተዋቱ አንዳንድ ነገር አሟሙቶ ወስዶ ስስ ቆዳ ትቶ ነበር። ብርሃን ከቆዳው ላይም ከቆዳው ሥርም ይመለሳል፤ የቆዳው ውፍረት በውስጡ ከሚያልፈው የብርሃን ሞገድ ሩብ ከሆነ ሁለቱ ተመላሾች እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

ሰሌዳውም እንዲሁ ነው። ሲሊከን እርቃኑን ሲሆን ከሚደርሰው ብርሃን ሲሶ ያህሉን መልሶ ይጥላል፤ የተመለሰ ብርሃን ደግሞ አምፑል አያበራም። ስለዚህ በመጀመሪያ ፊቱን በአልካሊ ያስበሉታል። ያኔ በዓይን የማይታዩ ባለ አራት ጎን ሾጣጣ ተራሮች ይበቅሉበታል፤ ካንዱ ጎን የነጠረ ብርሃን ጎረቤቱን ተራራ ይመታና ይገባል። ከዚያ የሲሊከን ናይትራይድ ሽፋን ይለብሳል፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ሽፋኑ የሚለካው በቢጫና በቀይ መካከል ላለው ብርሃን ስለሆነ ከሰማያዊው ጥቂት ያመልጠዋል። እኛ የምናየው ያን ያመለጠውን ነው።

ፍራውንሆፈር ጁን 7 ቀን 1826 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ዕድሜው 39 ብቻ ነበር። በ1981 በጀርመን ፍራይቡርግ ከተማ የተቋቋመው የፀሐይ ኃይል ምርምር ተቋም በስሙ ይጠራል፤ ከሥራዎቹም አንዱ ሲሊከን ብርሃን እንዳይመልስ ማድረግ ነው።