ንጉሤ ሮባ፤ ከአጭር ርቀት ሯጭነት እስከ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝነት

በኢትዮጵያ አትሌቲክስ ታሪክ ስማቸው በክብር ከሚነሳ አሠልጣኞች አንዱ ንጉሤ ሮባ ናቸው። አገሪቱ በዓለም የታወቀችው በረጅም ርቀት ሩጫ ቢሆንም፣ ንጉሤ በወጣትነታቸው የተወዳደሩት በአጭር ርቀት ነበር።

ወደ አሠልጣኝነት ከተሸጋገሩ በኋላ፣ አበበ ቢቂላን ለሮምና ለቶኪዮ ድል ያበቁት ስዊድናዊው ሜጀር ኦኒ ኒስካነን የጀመሩትን ሥራ ተረክበው የብሔራዊ ቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ሆነዋል። በዚህም ትልቁ ኃላፊነት በኢትዮጵያዊ ባለሙያ እጅ ገብቷል።

በሥራ ዘመናቸው ከገጠሟቸው ፈተናዎች ከባዱ ከሩጫ ሜዳ ውጭ የመጣ ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ በመጓዙ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1976 ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች። እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አግኝቶ፣ ለ5 ሺህ ሜትር ውድድር ግን በሰዓቱ ሳይደርስ የቀረው ምሩፅ ይፍጠር ሌላ አራት ዓመት ለመጠበቅ ተገደደ።

የጥበቃው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1980 በሞስኮ ታየ። ምሩፅ በ10 ሺህና በ5 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲያጠልቅ፣ መሐመድ ከድር በ10 ሺህ ሜትር፣ እሸቱ ቱራ ደግሞ በ3 ሺህ ሜትር መሰናክል ነሐስ አገኙ። ቶሎሳ ቆቱም በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ። ምሩፅን ማርሽ ቀያሪው ያሰኘው በመጨረሻዎቹ 300 ሜትሮች ያሳየው ፍጥነት፣ የረጅም ርቀት ድል ጽናትን ብቻ ሳይሆን የአጭር ርቀት ሯጭን አጨራረስም እንደሚጠይቅ ያስመሰከረ ነው።

በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናም የኢትዮጵያ የአዋቂ ወንዶች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1981 በማድሪድ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካፍሎ የቡድን አሸናፊ ሆነ። በዚያ ውድድር አትሌቶቹ የዙር ቁጥር ተሳስተው ቀድመው ቢፈተለኩም ድሉ አላመለጣቸውም። ቡድኑ እስከ 1985 ድረስ አምስት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል።

ይሁንና ኢትዮጵያ በ1984ቱ የሎስ አንጀለስና በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒኮችም አልተሳተፈችም። የአንድ አትሌት የብቃት ዘመን አጭር በመሆኑ፣ በእነዚያ ዓመታት ብርቱ የነበሩ ሯጮች ዕድላቸው ዳግም አልተመለሰም። ቡድኑ በዚያ ሁሉ መካከል ሳይበተን መቆየቱ የአሠልጣኞቹ ትጋት ውጤት ነው።

ንጉሤ ሮባ ካለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል። የተጓዙበት ከሯጭነት ወደ አሠልጣኝነት የሚወስደው መንገድ ግን በወልደመስቀል ኮስትሬ፣ በቶሎሳ ቆቱና በሌሎችም ቀጥሏል። አገሪቱ ወደ ኦሊምፒክ በተመለሰችበት የ1992ቱ የባርሴሎና ውድድር ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስታገኝ፣ መሠረቱ በእነዚያ የጥበቃ ዓመታት ሳይፈርስ መቆየቱ ታይቷል።