ቀለሃ የሚያነበው ሐኪም፦ ካልቪን ጎዳርድ

ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ደጋን ልጅ ሆነን፣ ለሠርግ ሲተኮስ ሩጫችን ወደ ሙሽራው ሳይሆን መሬት ላይ ወደሚወድቀው ቀለሃ ነበር። ገና ትኩስ እያለ እንሻማበታለን፣ ሲበርድ ከንፈራችን ላይ አድርገን እናፏጭበታለን። ቂጡ ላይ ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ ነጥብ ግን ልብ ብሎ ያያት አልነበረም። እኔም ነገሬ ያልኳት የማስረጃ ሕግ ስማር ነው። ያቺን ነጥብ ፍርድ ቤት ያስገባት አንድ አሜሪካዊ ሐኪም ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ስለ እሱ ሕይወት ጥቂት ልበል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ካልቪን ጎዳርድ በ1891 በሜሪላንድ ግዛት ባልቲሞር ከተማ ተወለደ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ1911 የመጀመሪያ ዲግሪውን፣ በ1915 ደግሞ የሕክምና ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ ወደ ጦር ሠራዊቱ ገብቶ በሐኪምነት አገለገለ፣ በኋላም እስከ ኮሎኔልነት ደረሰ። ልቡ ግን ከመርፌና ከስቴቶስኮፕ ይልቅ ወደ ጠመንጃ ያደላ ነበር።

ጎዳርድ የገባበትን ሙያ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1915 በኒውዮርክ ግዛት አንድ ገበሬና የቤት ሠራተኛው ተገደሉ። ቻርሊ ስቲሎው የተባለ ድሃ የእርሻ ሠራተኛ ተያዘ። አልበርት ሃሚልተን የሚባል፣ ራሱን በራሱ ባለሙያ ያደረገ ሰው ቀርቦ ገዳዩ ጥይት የወጣው ከስቲሎው ሽጉጥ ነው ብሎ መሰከረ። በሽጉጡ ተኩሶ አላስተያየም። ዳኞቹ ግን አመኑት፣ ስቲሎውም ሞት ተፈረደበት። ወደ ኤሌክትሪክ ወንበሩ ሊወሰድ ጥቂት ሲቀረው ቅጣቱ ታገደና የግዛቱ ገዥ ነገሩ እንደገና እንዲጣራ አዘዘ። በሽጉጡ ተተኩሶ የወጣው እርሳስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሟቾቹ አካል ከወጣው ጋር አልገጠመም። ስቲሎው በ1918 ነፃ ወጣ።

በማጣራቱ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ቻርልስ ዌይት ነበር። ይህ ሰው ያየው ነገር እንቅልፍ የነሳው ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካም በአውሮፓም የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎችን እየዞረ የየአንዳንዱን ሽጉጥና ጠመንጃ ልክ መሰብሰብ ያዘ። በ1925 ከጎዳርድ፣ ከፊሊፕ ግራቬልና ከጆን ፊሸር ጋር ሆኖ ኒውዮርክ ውስጥ ቢሮ ከፈተ። ግራቬል ሁለት ማይክሮስኮፖችን በአንድ መመልከቻ አገናኝቶ ሁለት ጥይቶች ጎን ለጎን እንዲታዩ አደረገ። ዌይት በ1926 ሲሞት ሥራው በጎዳርድ ትከሻ ላይ ወደቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምላጩ ሲሳብ መምቻው የቀለሃውን ቂጥ ይወጋዋል። ባሩዱ ሲፈነዳ ደግሞ ቀለሃው ወደ ኋላ ተገፍቶ ከጀርባው ካለው ብረት ጋር ይላተማል፣ ጎትቶ የሚያወጣው ጥፍርም ይቧጭረዋል። እነዚህ ብረቶች ፋብሪካ ውስጥ ሲሞረዱ የቀረባቸው ጭረት አለ፣ እሱ ለስላሳው ናስ ላይ ይታተማል። ስለዚህ የተጠረጠረውን መሣሪያ ወስዶ በታመቀ ጥጥ ውስጥ (ዛሬ በውኃ ገንዳ) ይተኮስበታል። እርሳሱም ቀለሃውም ተለቅሞ ወንጀሉ ቦታ ከተገኘው ጋር በማይክሮስኮፕ ይተያያል።

በ1927 ጎዳርድ ዓለምን ባነጋገረው የሳኮና ቫንዜቲ ጉዳይ ገባ። በሳኮ ኮልት ሽጉጥ ተኩሶ ሲያስተያይ አንዱ ገዳይ እርሳስና አንዱ ቀለሃ ከዚያው ሽጉጥ የወጡ ናቸው አለ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ተገደሉ። የሚገርመው፣ ያ ሃሚልተን ከዓመታት በፊት በዚህ ጉዳይም ለተከሳሾች ወገን ቀርቦ፣ እዚያው ችሎት ውስጥ የሽጉጡን አፈሙዝ ሲቀይር ተነቅቶበታል! በኋለኞቹ ዓመታት የተደረጉት ምርመራዎች የጎዳርድን ውጤት ደግፈዋል። ይህ ግን ስለ ሳኮ ሽጉጥ እንጂ ስለ ቫንዜቲ ምንም አይናገርም።

ስሙን የተከለው ግን ቺካጎ ነው። የካቲት 14 ቀን 1929 አንድ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተደርድረው ተረሸኑ። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ነበር። እንግዲህ ከተማው ሁሉ ፖሊሱን ጠረጠረ። የፖሊሱ ስምም ቢሆን ያን ጊዜ ንጹሕ አልነበረም። መርማሪዎች ከወለሉ ላይ 70 ቀለሃ ለቅመው ስለነበር ጎዳርድ ተጠራ። ቀለሃዎቹ ከሁለት ቶምሰን መትረየሶች የወጡ መሆናቸውን፣ 50ው ከአንዱ 20ው ከሌላው መሆኑን ለየ። ቀጥሎ የፖሊሶቹን ቶምሰኖች አስመጥቶ ተኮሰባቸው። አንዳቸውም አልገጠሙም። የመጀመሪያው ትልቅ ውጤት ሰው ማስያዝ ሳይሆን ሰው ነፃ ማውጣት ነበር፣ እኔን የሳበኝም ይኸው ነው።

በታኅሣሥ ወር ሚሺጋን ውስጥ ፍሬድ በርክ የተባለ ወንበዴ አንድ ፖሊስ ገደለ። ቤቱ ሲፈተሽ ሁለት ቶምሰኖች ተገኙ። ጎዳርድ ሲተኩስባቸው ከጋራዡ ማስረጃ ጋር ገጠሙ። አንደኛው ደግሞ በ1928 ብሩክሊን ውስጥ ፍራንኪ ዬል የተገደለበት ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ቀለሃ መሣሪያውን እንጂ ምላጩን የሳበውን ጣት አያሳይም። በርክ የታሰረው በፖሊሱ ግድያ ነው፣ በ1940 እስር ቤት ሞተ። በጋራዡ እልቂት የተፈረደበት ሰው እስከ ዛሬ የለም።

ከዚህ በኋላ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወንጀል ምርመራ ቤተ ሙከራ ተቋቁሞ ጎዳርድ ኃላፊ ሆነ። ቤተ ሙከራው የተጠለለው በሕግ ትምህርት ቤቱ ሥር መሆኑን እኛ የሕግ ተማሪዎች ልብ ልንለው ይገባል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቶኪዮ ውስጥ በአሜሪካ ጦር የወንጀል ቤተ ሙከራ ሠራ፣ በ1955 ሞተ።

ሥራው ግን ጥያቄ አላጣም። በ2009 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጥናት፣ ሁለት ጭረቶች ገጠሙ የሚለው የባለሙያ ድምዳሜ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል በበቂ አልተለካም ብሏል። የትውልድ ግዛቱ ሜሪላንድም በ2000 አዲስ ሽጉጥ ሁሉ ከመሸጡ በፊት ተተኩሶ ቀለሃው ለፖሊስ እንዲላክ ደንግጋ ነበር። ከ300 ሺህ በላይ ቀለሃ ተከማችቶ ይህ ነው የሚባል ፋይዳ ስላልተገኘበት በ2015 ተወች። ሁለቱ የበርክ ቶምሰኖች ግን ሚሺጋን ውስጥ በቤሪየን ካውንቲ የሸሪፍ መሥሪያ ቤት ተቀምጠዋል።