የሃሮልድ አርለን ዜማ፦ ከፒያኖ እስከ ቴክኖ

ባለፈው ዓመት ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ክፉኛ ተጣልቼ ነበር። ለሴሚስተሩ ማጠቃለያ ላዘጋጀነው ሙዚቃዊ ድራማ አንዲት ዝግ ያለች ዜማ ደርሼ ነበር። ልጁ ዜማዋን ወስዶ በኮምፒውተር አፈጠናት፣ ምት ጨመረባትና በተመራቂዎች መሸኛ ምሽት ላይ ለቀቃት። አዳራሹ በጭፈራ ቀለጠ። እኔ ግን በሩ አጠገብ ቆሜ ስበግን አመሸሁ። ዜማዬን ገደላት ብዬ ሁለት ወር ሙሉ አላናገርኩትም።

ታዲያ በዚህ መሀል ለአንድ ኮርስ የዜማ ደራሲ ሕይወት አጥንታችሁ አቅርቡ ተባልን። የደረሰኝ አሜሪካዊው ሃሮልድ አርለን ነበር። እውነቱን ለመናገር ስሙን ሰምቼው አላውቅም። “ኦቨር ዘ ሬይንቦ” የምትለዋን ዘፈን ግን ማን የማያውቃት አለ? ለካ ደራሲዋ እሱ ኖሯል!

አርለን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1905 በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ነው። አብሮት የተወለደው መንትያው ወዲያው ሞተ፤ እሱ ተረፈ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሃይማን አርለክ ነበር። አባቱ በአይሁድ ምኩራብ ጸሎትን በዜማ የሚመሩ ሰው ስለነበሩ ልጁም ገና በሕፃንነቱ በምኩራቡ መዘምራን መካከል ቆሞ ዘመረ። ነገር ግን ልቡ በጃዝ ተነጠቀ። በወጣትነቱ ባንድ አቋቁሞ ሲጫወት ቆየና ወደ ኒውዮርክ ከተማ ሄደ።

እዚያ ሲደርስ ያሰበው ዘፋኝ መሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ግን ለአንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ልምምድ ፒያኖ እንዲመታ ተቀጠረ። ሥራው አሰልቺ ነበር። ተወዛዋዦቹ እንዲዘጋጁ አንዲትን አጭር ሐረግ ደጋግሞ መምታት ይጠበቅበታል። እሱም እየሰለቸው በሐረጓ ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨምርባት ጀመር። ከዚያች ድግግሞሽ “ጌት ሃፒ” የተባለው ዘፈን ተወለደ። ግጥሙን ቴድ ኮህለር ጻፈለትና እ.ኤ.አ. በ1930 ለመድረክ በቃ። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። አንድን ሐረግ መደጋገምና ሰውን ማስጨፈር፣ ጓደኛዬም በኮምፒውተሩ የሠራው ይህንኑ አይደል እንዴ?

ከዚያ በኋላ አርለንና ኮህለር በሐርለም ለነበረው ለኮተን ክለብ በርካታ ዘፈኖችን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣችው “ስቶርሚ ዌዘር” ከእነዚህ አንዷ ናት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። እ.ኤ.አ. በ1938 ኤምጂኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ “ዘ ዊዛርድ ኦቭ ኦዝ” ለተሰኘው ሙዚቃዊ ፊልም አርለንንና ገጣሚውን ይፕ ሃርበርግን ቀጠረ። አርለን ለልጅቷ ለዶሮቲ የሚሆን ዜማ ጠፍቶበት ሲጨነቅ ሰነበተ። አንድ ቀን ከባለቤቱ ከአንያ ጋር በመኪና ወደ ሲኒማ ሲሄዱ ዜማው ድንገት መጣለት፤ መኪናዋን አስቁሞ እዚያው ጻፈው። ዜማው ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኖታዎች አንድ ሙሉ ኦክታቭ ይዘላል፤ ከመሬት ወደ ሰማይ እንደመዝለል ነው።

ሃርበርግ ግን አልወደደውም። አርለን ዝግ አድርጎና አግዝፎ ስለተጫወተው ለአንዲት የገጠር ልጅ የሚከብድ መሰለው። የሁለቱም ወዳጅ የነበረው አይራ ጌርሽዊን ለሽምግልና ተጠራ። አርለን ዜማውን ቀለልና ፈጠን አድርጎ ሲጫወተው ነገሩ ተፈታ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የዚህችን ዘፈን ፍጥነት መጀመሪያ የቀየረው ራሱ ደራሲዋ ነው።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። ፊልሙ ለሙከራ ከታየ በኋላ የኩባንያው ኃላፊዎች ዘፈኗ ታሪኩን ታጓትታለች ብለው ቆርጠው አወጧት። አርተር ፍሪድ ተሟግቶ ባያስመልሳት ኖሮ ዛሬ የሚያውቃት አይኖርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ጁዲ ጋርላንድ ዘፍናት ለሕዝብ ቀረበች፤ በማግስቱ ዓመትም የኦስካር ሽልማት አገኘች።

የአርለን የኋላ ሕይወት ግን ደስታ የበዛበት አልነበረም። ለረጅም ጊዜ ስትታመም የኖረችው ባለቤቱ እ.ኤ.አ. በ1970 አረፈች። እሱም ከሰው እየራቀ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በ81 ዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ።

ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1994፣ ማሩሻ የተባለች ጀርመናዊት ዲጄ ያቺኑ ዜማ በፈጣን የቴክኖ ምት ሠራቻት። በሌሊት ጭፈራ ያደገው የጀርመን ወጣት ተቀበላት፤ ዘፈኗም በአገሪቱ የሽያጭ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ ገባች። ፈልጌ አዳመጥኳት። መጀመሪያ ጆሮዬን ያዝኩ። ሁለተኛ ስሰማት ግን ያ የኦክታቭ ዝላይ በከበሮው መሀል ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። ዜማዋ አልሞተችም፤ ልብስ ነው የቀየረችው። የዜማው ደራሲ ሆኖ የተመዘገበውም አርለን ነው።

በቃ፣ የራሴን ንዴት ያወቅሁት እዚህ ላይ ነው። ለካ ያንገበገበኝ ዜማዬ መፍጠኗ አልነበረም። ያን ምሽት ዜማው የማን እንደሆነ ማንም አለመናገሩ ነው። ሁለቱን አደባልቄ ልጁን በማያስወቅሰው ወቀስኩት፣ በሚያስወቅሰው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ጥናቱን ባቀረብኩ ማግስት ሻይ ቤት ጠርቼው ይህንኑ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሲዲውን ከቦርሳው አወጣ፤ እስክሪብቶ ተውሶ በላዩ ላይ ስሜን ጻፈበት። ሻዩን የከፈልኩት እኔ ነኝ። አንባብያን ሆይ፣ የሰው ዜማ ስትሠሩ እንደፈለጋችሁ አፍጥኑት፣ አስጨፍሩበት፤ የደራሲውን ስም ግን አትርሱ።