ከመቅደላ የተነሣው እጓለ ማውታ
(ስለ አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሕይወት)

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ያለው ጉለሌ ስሙን ያገኘው በዚያ ምድር ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። ይህም ሕዝብ ከአብራኩ ያልወጣውን ልጅ እንደ ወለደው ልጅ አድርጎ የሚያሳድግበት ጉዲፈቻ የተባለ የቆየ ሥርዓት አለው። በሌላውም የአገራችን ክፍል የጡት አባትና የጡት ልጅ መባባል፥ ወላጅ የሌለውንም የቆሎ ተማሪ ቤተ ክርስቲያን በደጇ አስጠግታ ማሳደግ ከጥንት የነበረ ነው። ስለዚህ እጓለ ማውታን ማንሣት ከባሕር ማዶ የመጣልን ትምህርት አይደለም። ዛሬ በዚያው በጉለሌ፥ በቀጨኔና በአካባቢው፥ ወላጆቻቸውን ያጡና የተጣሉ ልጆች የሚያድጉባቸው ቤቶች አሉ፤ ወደ እነዚህም ቤቶች ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው ሊያገለግሉ የሚመጡ ወጣቶች ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙዎች ናቸው። እኛም ይህን እያየን፥ ራሳቸው በሕፃንነት ከወላጅ ተለይተው በባዕድ እጅ ያደጉ፥ በኋላም የሌሎችን ልጆች ያነሡ የአንድ ሰው ሕይወት ለአንባብያን ብንጽፍ ይጠቅማል ብለን አሰብን። እኒህም ሰው በሁለት ስም የሚታወቁት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ በእንግሊዞች አጠራር ዶክተር ቻርለስ ማርቲን ናቸው።

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ሕፃኑ አራት ዓመት ሳይሞላው የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት በመቅደላ አምባ ላይ ወደ ፍጻሜው ደረሰ። ነገሩ የሆነው በሰሙነ ሕማማትና በትንሣኤ መካከል መሆኑን ከካህናት ወገን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። በእሮጌ ሜዳ የንጉሡ ሠራዊት በእንግሊዝ መድፍና ጠመንጃ ያለቀው በስቅለት ዓርብ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት በትንሣኤ ማግስት፥ ማዕዶት በምንለው ሰኞ፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አምባው ተበዘበዘ፤ ተቃጠለም። መጻሕፍቱና ጽዋው፥ መስቀሉና አክሊሉ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ሲወርድ፥ በግርግሩ ከወላጆቹ የተለየ አንድ ሕፃን ብቻውን ተገኘ።

ሕፃኑን ያነሡት ቻምበርሌን የሚባሉ የእንግሊዝ ኮሎኔል ናቸው። ወደ ህንድ አገርም ይዘውት ሄዱ። እዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን ልንመዝነው ይገባናል። ልጁን ያነሣው እጅ አምባውን ከሰበረው ሠራዊት የወጣ እጅ ነበር። ቤቱን ያፈረሰበት ወገን መልሶ ቤት ሰጠው። ኮሎኔሉ ግን ለሕፃኑ ያደረጉት ቸርነት ነበር እንጂ ሌላ አይደለም፤ ትተውት ቢሄዱ ኖሮ በዚያ በተራቆተ ምድር ምን ያገኘው እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። እኛ ቸርነቱን አንክድም፤ የጦርነቱንም በደል በቸርነቱ አንሸፍንም።

ይሁን እንጂ ቻምበርሌን ጥቂት ዓመታት ቆይተው ሞቱ። ልጁ ለሁለተኛ ጊዜ ያለ አባት ቀረ። ያን ጊዜ ማርቲን የተባሉ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ተቀብለው አሳደጉት፤ ቻርለስ ማርቲን የሚለውም ስም ከእነዚሁ ከሁለቱ ሰዎች የተገኘ ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ በ1874 ዓ.ም. ጨረሰ። ወደ ስኮትላንድም ተሻግሮ በኤዲንበርግ የሐኪምነት ፈቃድ ካገኘ በኋላ በበርማ አገር በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ከኢትዮጵያውያን በውጭ አገር የሕክምናን ትምህርት ተምሮ ዶክተር በመሆን የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከዚህ ወዲያ አንቱ ብለን እንቀጥላለን፤ ሕፃኑ አድጓልና።

ሙሴ በወንዝ ዳር ተጥሎ የፈርዖን ልጅ እንዳነሣችው ሁላችን እናስተምራለን። ነገር ግን በስብከታችን ብዙ ጊዜ የምንዘልለው አንድ ነገር አለ። ሙሴን ያጠባችው የገዛ እናቱ ነበረች፤ እኅቱ በብልሃት ባታቀርባት ኖሮ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የወገኖቹን ቋንቋና የአባቶቹን አምላክ የሚነግረው ባልነበረ። ወርቅነህ እንዲህ ያለች ሞግዚት አላገኙም። የእናታቸውን ቋንቋ ረሱ፤ የአባቶቻቸውን ቅዳሴ ሳይሰሙ አደጉ፤ ስማቸውንም እንኳ አያውቁትም ነበር። እንጀራና ልብስ፥ መጽሐፍና ሙያ የሰጣቸው ቸርነት ይህን ሊሰጣቸው አልቻለም።

ከዚያው ከመቅደላ የተወሰደው ሌላው ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። እርሱ ሲወሰድ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞ ላይ ሞተውበታል። የእንግሊዝ ንግሥት ሳትቀር ታስብለት ነበር፤ በከፍተኛ ትምህርት ቤትም ገብቷል። ቢሆንም በ1872 ዓ.ም. ገና በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሰር ተቀበረ። ከሁለቱ ልጆች የንጉሡ ልጅ ሳይመለስ ሲቀር የነጋድራሱ ልጅ ተመለሰ። የዚህን ምክንያት በሰው ጥበብ መርምረን እንደርስበታለን አንልም።

ወርቅነህን ወደ አገራቸው የጠራቸው በ1888 ዓ.ም. የሆነው የዐድዋ ድል ነው። የኢትዮጵያ ስም በዓለም ሲሰማ በበርማ የተቀመጡት ሐኪም ልባቸው ተነሣ። ጥቂት ዓመታት ቆይተውም ዕረፍት ወስደው በራሳቸው ወጪ አዲስ አበባ ገቡ፤ ድንኳን ተክለውም ሕዝቡን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። አማርኛ ስለማያውቁ ከገዛ ወገናቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ዐፄ ምኒልክም ተቀበሏቸው። ከመቅደላ ሕፃን ሆኖ የተወሰደ ሐኪም መጣ የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ ግን አንዲት አሮጊት ወደ እርሳቸው መጡ። እኒህ አሮጊት በልጃቸው ልጅ ሰውነት ላይ የነበረውን ጠባሳ ያውቁ ነበር፤ በእጁና በእግሩ ላይ እንደሚገኝም አስቀድመው ተናገሩ። ሲታይም ተገኘ። አያቲቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያስቡት የኖሩትን ልጅ በዚህ አወቁት፤ እርሳቸውም ወርቅነህ የተባሉ የእሸቴ ልጅ መሆናቸውን ያን ቀን ከአያታቸው አፍ ሰሙ።

ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር የሚደንቀን ጠባሳው አይደለም። ሰውዬው ያን ጊዜ ማዕርግና ደመወዝ ያላቸው፥ ማንም የማይፈልጋቸው ቢሆን የሚኖሩ ጎልማሳ ነበሩ። ግን አንዲት ድሀ አሮጊት ስም ብቻ ይዛ ስትመጣ፥ ያን ሁሉ ዘመን ያልነበራቸውን ነገር ሰጠቻቸው። (አንቱታውን ያጎደልነው ስለ አያትነት ፍቅር ነውና አንባቢ ይቅር ይበለን።)

ወዲያው ጠቅልለው አልተመለሱም፤ የበርማው አገልግሎት ገና አላለቀም ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ ለማከም እንደ ገና መጡ፤ በዚያም ዘመን ወይዘሮ ቀጸላን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። በመጨረሻ ጡረታቸውን ይዘው በ1911 ዓ.ም. ገደማ አገራቸው ገቡ፤ አማርኛንም በጎልማሳነታቸው ተምረው በ1920 ዓ.ም. የዓለምን ጂኦግራፊ የሚያስተምር መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ።

ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል፥ ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች። በዚያው ዓመት ባሮችን ነጻ ስለማውጣት ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጅ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ነጻ የወጣው ልጅ ማታ የት ያድራል የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከወላጆቹ በፈንጋይ ተነጥቆ፥ ከሩቅ አገር ተነድቶ የተሸጠ ልጅ ነጻ ነህ ቢሉት ወደ ማን ይሄዳል? መንደሩን አያውቅም፤ ቋንቋውን ረስቷል፤ ስሙንም ጌታው ለውጦበታል። ሐኪም ወርቅነህ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ በራሳቸው ሰውነት ያዩት ነበር። ስለዚህ ፍቅርና አገልግሎት በተባለው ማኅበር ከወጣቶች ጋር ሆነው ደከሙ፤ ለነጻ የወጡ ባሮች ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲቆም አደረጉ፤ ሥራውንም ተቆጣጠሩ። ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በስማቸው ያሠሩት ትምህርት ቤት ከጉለሌ ግርጌ በስድስት ኪሎ አጠገብ ሲከፈትም፥ የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ እኒሁ ሐኪም ሆኑ። ያ ቅጥር ከአብዮቱ በኋላ በእንጦጦ ስም ቢጠራም ዛሬም የሙያ መማሪያ ነው። እንግዲህ በአንድ ሰው እጅ የመኳንንቱ ልጅና የባሪያው ልጅ ትምህርት አንድ ላይ ተገናኘ። የዚያን ዘመን ሰው ይህን እንዴት እንዳየው መገመት ይቻላል፤ ከእኛ ከካህናቱም ወገን የባሪያ ልጅ ፊደል መቁጠሩን የናቀ አልጠፋም፤ ይህን ብንሸሽግ ሐሰት ይሆንብናል።

ከዓመታት በፊት እኛም ከአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር በበዓለ ልደት ወደ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ሄድን። ዳቦና ልብስ ይዘን፥ መዝሙር ዘምረን፥ ትምህርትም ሰጥተን ዋልን። ስንወጣ አንዲት ሕፃን የነጠላችንን ጫፍ ይዛ መቼ እንደምንመለስ ጠየቀችን። በቅርብ ቀን አልናት። አልተመለስንም። በሚመጣው ዓመት ሌላ ቤት ተመረጠ፤ ከዚያም ሌላ ሥራ መጣ። የሐኪም ወርቅነህን ሕይወት ስናነብ ያች ልጅ ትታየናለች። ኮሎኔል ቻምበርሌን ልጁን ሁለተኛ አባት ያሳጡት ሞት ስለ ከለከላቸው ነው፤ እኛን ግን የከለከለን ሞት አልነበረም። ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ወር ከባሕር ማዶ መጥተው ሕፃናቱን አቅፈው የሚሄዱትን እንግዶች የሚነቅፍ ካህን ብዙ ጊዜ እንሰማለን፤ ነቀፋው እውነትነት አለው፤ አንዴ የተተወ ልጅ የወደደው ሁሉ እየሄደበት ሲያድግ ማንንም አለማመንን ይማራልና። ነገር ግን እነዚያ ከሩቅ መጥተው ሄዱ፤ እኛ በእግራችን ደርሰን በምንመለስበት ስፍራ ሆነን ሳንመለስ ቀረን።

በ1922 ዓ.ም. አካባቢ ወርቅነህ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ፤ የተማሩ ወጣቶችን ይዘው ለሌላው አገር ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር ለመሥራት ደከሙ። በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተላኩ፤ የኢጣልያ ወረራም እዚያው ሳሉ ሆነ። በእንግሊዝ አገር ምህንድስና የተማሩ ሁለት ልጆቻቸው፥ ዮሴፍና ብንያም፥ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሶች ማኅበር ጋር በጦር ሜዳ ቆሙ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ከገደሏቸው የተማሩ ወጣቶች መካከል ሁለቱም ነበሩ። በጦርነት ወላጆቹን ያጣው ሕፃን በሰባ ሁለት ዓመቱ በጦርነት ልጆቹን አጣ። ይህን ያህል ኀዘን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መከማቸቱን ስናስብ ብዕራችን ይቆማል።

ሐኪም ወርቅነህ በ1934 ዓ.ም. ወደ ነጻይቱ አገራቸው ተመለሱ። እድሜያቸው ገፍቶ ስለ ነበር ከዚያ በኋላ በጸጥታ ኖሩ። መስከረም 29 ቀን 1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ፤ አያታቸው በጠባሳ ካወቋቸው ሃምሳ ዓመት አልፎ ነበር።