ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ

ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ፖርቱጋላዊ ቄስና ተጓዥ ነበር። የተወለደው በኮይምብራ ከተማ ነው። በሮድሪጎ ዴ ሊማ ከተመራው የፖርቱጋል መልእክተኞች ቡድን ጋር በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ ደረሰ፤ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመንም ስድስት ዓመት በአገሪቱ ቆየ።

ይበልጥ የሚታወቀው የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለአውሮፓ በማስተዋወቁ ነው። ስለ ወይን የጻፈው ግን ብዙ አይነሣም። እንደ እሱ ዘገባ፣ በአገሩ የወይን ፍሬ ቢበቅልም የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በሁለት ቤቶች ብቻ ነበር፤ በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ዘንድ። ሌላው ሰው ከጠመቀ በስውር ነው። ስለዚህ አንድ እንግዳ በግልጽ ሊቀምሰው የሚችለው ከእነዚህ ከፍ ያሉ ቤቶች ሲደርስ ነበር። አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚጠቀሙት የዘቢብ ጭማቂ ነው፤ ዘቢቡ 10 ቀን ያህል በውኃ ተዘፍዝፎ፣ ተወቅጦ በጨርቅ ይጨመቃል። አልቫሬዝ ራሱ በላቲን ሥርዓት የሚቀድስ ቄስ ስለነበር ልዩነቱን ልብ ማለቱ አያስገርምም። በዘቢብ መቀደስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለ።

በሐድያ ስላለ ሰፊ ሐይቅና በደሴቱ ላይ ስለተሠራ ገዳምም ጽፏል፤ ሐይቁ በኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ያለው ዝዋይ (ደንበል) ሳይሆን አይቀርም። በሐይቁ ዳር በምትገኘው በባቱ ከተማ አጠገብ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ባለማው እርሻ የተጠመቀው ወይን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርቧል።

አልቫሬዝ በ1526 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወጣ። በ1533 እ.ኤ.አ. የንጉሡን ደብዳቤ ለሮማው ጳጳስ ለክሌመንት 7ኛ አቀረበ፤ የጉዞ መጽሐፉም በ1540 እ.ኤ.አ. በፖርቱጋል ታተመ።