ዓፄ ዮሐንስ በደብረ ታቦር

ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ለጴጥሮስ፣ ለያዕቆብና ለዮሐንስ የገለጠበት የደብረ ታቦር በዓል ነሐሴ 13 ቀን ሲከበር፣ ከጣራ ገዳም በስተደቡብ ምሥራቅ የምትገኘውና የቅዱሱን ተራራ ስም የያዘችው ከተማም ትታወሳለች። በዚህች ከተማ ከተቀመጡት ነገሥታት አንዱ ዓፄ ዮሐንስ አራተኛ ናቸው።

የሹም ተንቤን ምርጫ ልጅ ካሣ፣ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ጽዮን ዘውድ ሲጭኑ፣ የቱርክ መንግሥት ኃይሉ እየደከመ ነበር። ግብፅ በስም የሡልጣኑ ግዛት ብትሆንም፣ ገዥዋ ኬዲቭ እስማኤል ምፅዋንና ቦጎስን ይዞ ጦሩን ወደ ደጋው አዘመተ። ጦሩ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከድሉ በኋላ መልእክተኛ ልከው እርቅን ጠየቁ።

ሌላም ጭንቅ ነበረባቸው። አቡነ አትናቴዎስ በዚያው ዓመት በማረፋቸው ካህናትን የሚሾም ጳጳስ ታጣ። ጳጳስ የሚመጣው ከእስክንድርያ መንበር ነበር፤ መንበሩ ደግሞ በግብፅ መንግሥት እጅ ነበር።

በ1871 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ባደረጉት ግፊት ሡልጣኑ እስማኤልን ሻረው። አዲሱ ኬዲቭ ተውፊቅ እንግሊዛዊውን ጎርዶን ፓሻን በጥቅምት 1872 ዓ.ም. ወደ ደብረ ታቦር ላከ። ዓፄ ዮሐንስ ቦጎስንና የባሕሩን በር፣ የጦር ካሣና ጳጳስም ጠየቁ። ጎርዶን መሬት የመልቀቅ ሥልጣን ስላልነበረው ያለ ስምምነት ተመለሰ።

በ1874 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ማቴዎስ፣ አቡነ ሉቃስና አቡነ ማርቆስ መጡ። በግንቦት 1876 ዓ.ም. ደግሞ በዓድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተደረገው ውል ቦጎስ እንዲመለስ፣ በምፅዋም ንግድ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ተወሰነ። ንጉሡም በመሐዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር ለማውጣት ቃል ገቡ። ነገር ግን ወሩ ስምንት ሳይዘል፣ በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ፈቃድ ምፅዋን ያዘች። ደካማው ጎረቤት የለቀቀውን በር ብርቱው ገባበት።

ከዚያ ወዲህ ጠላት ከሁለት ወገን መጣ። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. ኢጣሊያኖችን በዶጋሊ መቱ፤ በ1880 ዓ.ም. መሐዲስቶች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ንጉሠ ነገሥቱም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ሕይወታቸው አለፈ።

ጴጥሮስ በታቦር ተራራ መኖርን ቢመኝም፣ ጌታ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ወርዶ ወደ መስቀሉ መንገድ አቀና። ዓፄ ዮሐንስም ከደጋው ወርደው ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ አገራቸው ነፍሳቸውን ሰጡ። በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።