ጋፋት ላይ አለቃው ማን ነበር?

ከባሕር ዳር ጀልባ ይዛችሁ ወደ ዘጌ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የደንገል ታንኳ እየቀዘፉ በአጠገባችሁ የሚያልፉትን ሰዎች አይታችኋል። ብዙዎቻችን ፎቶ አንስተን እናልፋለን። እኔ ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። በ1858 ዓ.ም. ዘጌ ላይ ሰፍሮ፣ ከዚሁ ደንገል ባለ መሽከርከሪያ መርከብ ካልሠራሁ ያለ ንጉሥ፦ አፄ ቴዎድሮስ።

ስለ እሳቸው ጀግንነት ብዙ ተብሏል። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ አለቅነታቸው ነው። ለምን መሰላችሁ? ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ሒሳብ እይዝ ነበር። አለቃችን ከማንም በፊት ገብቶ ከሁሉም በኋላ የሚወጣ፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር። ችግሩ፣ አይደርስም ብሎ የሚነግረው ሰው አልነበረም። አፑ በተባለው ቀን እንደማያልቅ እኔ እንኳን፣ ኮድ የማልጽፈው፣ ከአንድ ወር በፊት አውቄ ነበር። ዝም አልኩ። ሁላችንም ዝም አልን። ያን ጊዜ ነው የቴዎድሮስን ታሪክ በሌላ ዓይን ማንበብ የጀመርኩት።

ካሳ ኃይሉ የቋራ ልጅ ነው። በልጅነቱ ጣና አካባቢ ገዳም ገብቶ ተምሯል። ቀጥሎ ሸፈተ፣ በረሃ ወረደ፣ ጓደኞች አፈራ። በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጠመ። እነዚያ መድፍ ነበራቸው፤ ሥርዓት ያለው ወታደር ነበራቸው። ካሳ ተሸነፈ። ያቺ ሽንፈት ከአእምሮው አልወጣችም፤ ጀግንነት ብቻውን መድፍን እንደማያቆም ያኔ ገባው። ከዚያ ደጃች ጎሹን፣ ራስ አሊን፣ ደጃች ውቤን ተራ በተራ አሸንፎ የካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ንጉሡ ከነገሡ በኋላ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ ላይ የእጅ ባለሙያዎች ሰበሰቡ። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር የሚባሉ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ አውሮፓውያን ነበሩ፤ ሞሪትዝ ሆል የሚባል ሰውም ነበር። የአገሬው ሰዎችም አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። ዛሬ ቢሆን የቴክኖሎጂ ቡድን እንለው ነበር። ንጉሡ የጠየቋቸው መድፍ እንዲሠሩ ነው። ሰዎቹ መድፍ ሠርተው አያውቁም፤ አንችልም አሉ። አንችልም የሚለውን መልስ ንጉሡ አልተቀበሉም። ግድ ሆነባቸውና ሞከሩ። ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ተሳካ፤ ንጉሡም በደስታ ሸለሟቸው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ከዚህ ታሪክ ብዙ አለቆች የሚወስዱት ትምህርት፣ ሠራተኛን ስታስጨንቀው ይሠራል የሚለውን ነው። በእርግጥም ሠርቷል። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተወለደው እዚያ ነው። አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምታዩት የእሱ አምሳያ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። ንጉሡ ማዘዝ ብቻ ሳይሆን አብረው ይለፉ ነበር። መንገድ ሲሠራ ከንጋት ጀምሮ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ያዩዋቸው ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም መኳንንቱ እጁን አጣጥፎ ሊቆም አይችልም።

የዘጌው መርከብም የዚያው ጠባይ ውጤት ነው። የእንፋሎት መርከብ እንዳለ ሰምተዋል። እንፋሎቱ የለም፤ ብረቱ የለም። ያለው ደንገልና የሰው ጉልበት ነው። ስለዚህ ወፍራም፣ ሰፊ የደንገል ጀልባ አሠሩና በሁለቱ ጎን በእጅ የሚዞር መሽከርከሪያ ገጠሙለት። ጣና ላይ ተንሳፈፈ። እንደታሰበው ግን አልሆነም፤ መሽከርከሪያው ከፍ ብሎ ስለተገጠመ ውሃውን እንዲነካ ብዙ ሰው መጫን ነበረበት። እኔ በዚህ አልስቅም። ባላቸው ነገር መጀመራቸውን አደንቃለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሰፈሩ ውስጥ ኮሌራ ገባ፤ ሠራዊቱም ዘጌን ለቀቀ።

ነገሩ የተበላሸው ቀስ በቀስ ነው። ለንግሥት ቪክቶሪያ በ1855 ዓ.ም. የላኩት ደብዳቤ መልስ አጣ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎችም ታሰሩ። ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ሚስትና ልጆቹን አስቀርተው ባለሙያ እንዲያመጣላቸው ወደ እንግሊዝ ላኩት። አገር ውስጥም ቅጣቱ እየከፋ ሄደ። ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ኢኮኖሚክስ ስንማር አንድ ነገር ተምረን ነበር፦ ሰው ቅሬታውን በአፉ መናገር ካልቻለ በእግሩ ይናገራል። የቴዎድሮስ ወታደርም በእግሩ ተናገረ። ሌሊት ሌሊት እየከዳ ጠፋ። ያ ሁሉ ሠራዊት ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሱ። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እየጎተቱት፣ መንገዱን እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው ስድስት ወር ገደማ ፈጀባቸው። እንደ ኢንጂነሪንግ ካያችሁት ተአምር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ ውጊያው ሆነ፤ መድፎቹ ግን አላዳኗቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው ሞቱ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል።

የጋፋት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገር ለቀው ወጡ። የጋፋትም እሳት አብሮ ጠፋ። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። መድፉ ቀረ፤ መድፍ የመሥራት እውቀቱ ሄደ። ቡድኑ የተያያዘው በአንድ ሰው ፈቃድና ቁጣ ስለነበር፣ ያ ሰው ሲሞት የሚያስቀጥለው አልተገኘም።

ስለዚህ ነገ ቡድን መሪ የምትሆኑ ልጆች፣ ከቴዎድሮስ ድንጋይ ማንሳቱን ውሰዱ። ከደንገል መጀመሩንም ውሰዱ። ግን ከሥራችሁ ያለው ልጅ አይደርስም ሲላችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙት። እኔም ያን ጊዜ ዝም ማለት አልነበረብኝም። የዚያ ድርጅት በር አሁን ተዘግቷል፤ አለቃችንን መንገድ ላይ ሳገኘው ዛሬም አንገቴን እደፋለሁ።